ጉንጭሽን የሞላሁበት ፎቶ

ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኢልሀም፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔም እናትሽም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አንድ ነገር በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ሁለቴ ድምፄ ከዳኝ። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። በረዶው በፎቶ ላይ ዐመድ የሚመስለው ካሜራሽ ተበላሽቶ አይደለም። ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ እየመሰለው ይቀንሳል። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነጭ የለበሱ ሙሽሮችን ስናነሳ ፊታቸው ጠቁሮ ያሳፈረን ለዚሁ ነው። አንቺ ብርሃን ጨምሪበት፣ አትፍሪ። ባትሪውን ብብትሽ ውስጥ ያዢው። ከብርድ ወደ ቤት ስትገቢ ካሜራውን በፌስታል ቋጥሪው፣ አለዚያ ሌንሱን ያልበዋል። ብርዱን ባላውቀውም የሐይቁ እርጥበት ስንት ሌንስ እንዳሻገተብኝ ታውቂያለሽ።

እዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቶ የሰውን ዓይን ጉድጓድ ስለሚያስመስል ደንበኛ ወደ ጥላ እንጎትታለን። እናንተ ዘንድ፣ በዚያ በምድር ሰሜን ጫፍ፣ ደግሞ ፀሐይ ሁለት ወር ሙሉ አይወጣም አልሽ። እናትሽ ይህን ሰምታ፣ "ታዲያ የሱብሂንና የዙህርን ሶላት ሰዓት በምን ትለየዋለች?" ብላ ሦስት ቀን ተጨነቀች። ሼኹን ጠይቄ፣ ፀሐይ በሚወጣበት ቅርብ አገር ሰዓት እንደሚሰገድ ነገርኳት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥቅምት ላይ ከምትሠሪበት ዓሣ ፋብሪካ በር ላይ ቆመሽ የላክሽው ፎቶ ጨለማ ነበር። በኮምፒውተር ብርሃን ስጨምርበት ፊትሽ ወጣና ደነገጥኩ። ጉንጭ የሚባል አልቀረሽም። ዐረብ አገር የሚሄዱትን ልጆች ፊት ሲያሳምር የኖረ እጄ አላርፍ አለኝ። ከፓስፖርት ፎቶሽ ላይ ጉንጭሽን ወስጄ ሞላሁት፣ አጥቤም ለእናትሽ ሰጠኋት። ሳመችው። የኅዳሩንም የታኅሣሡንም እንዲሁ አደረግኩ። ፎቶ ቤቱን ዘግቼ እውነተኛውን ብቻዬን አይ ነበር። የሚያጽናናኝ ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም ለማንም አልነገርኩም።

ባለፈው ጁምዓ እናትሽ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ምሳውን አስቀምጣ ሦስቱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

"የሰው ፊት በሦስት ወር አንዴ እንኳን አይለወጥም? ይኼ ጉንጭ ያው አንድ ጉንጭ ነው። ከየት አመጣኸው?"

ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"የመጀመሪያውን ያየሁ ቀን ነው ያወቅኩት" አለችኝ። "አንተ እንዳትሰበር ብዬ ወላሂ ተውኩት እንጂ።"

ልጄ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነን ለየብቻችን ስናለቅስ ከርመናል። አንቺም እዚያ ለብቻሽ ነሽ። ታመሽ ከሆነ ንገሪን። ከከፋሽም ቤትሽ ቤትሽ ነው፣ ማንም ለምን መጣሽ አይልሽም።

ፀሐዩ ባይወጣም እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ይፈካል ብለሽኝ ነበር። በዚያን ጊዜ መስኮት አጠገብ ቁሚና ፊትሽን አንሺው። ክሳቱንም ጥቁረቱንም እንዳለ ላኪልን። እኔ አልነካውም።

አላህ በሰው አገር ሰው ይስጥሽ፣ ከክፉ ይጋርድሽ።

አባትሽ ሙሐመድሁሴን

እናትሽ አጠገቤ ሆና፣ "በልተሽ እደሪ በልልኝ" ትለኛለች። ሌላም ብዙ ነበራት፣ ግን እሷም መጨረስ አቃታት።