ዳገቱ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ

መጋቢት 12፣ ሲሬ

ደክሞኛል፤ ወገቤ እንጨት ሆኗል። የመንገድ ቀያሾቹን የመኝታ ተሳቢ ከነሙሉ የውሃ ታንከሩ ከነቀምት እስከዚህ ጎትቼ ገባሁ። ውሃውን ሲሬ እንሙላው ብዬ ነበር። የካምፑ ወጥ ቤት የሺ ናት እምቢ ያለችው። «ሲሬን አምኜ ድስት አልጥድም» አለችና ከቀያሾቹ ጋር በአውቶቡስ ቀድማኝ ሄደች።

ዳገቱ መሃል ሞተሩ ጋለ። የሚያየኝ ስለሌለ ወርጄ ቧንቧውን ከፈትኩና ጭነቱ እንዲቀል ግማሹን ውሃ መንገድ ዳር ለቀቅኩት። ቧንቧውን ልዘጋ ስል አንዲት አሮጊት ጀሪካን ይዘው ከማሳው እየሮጡ መጡ። ለሰው ላድል የቆምኩ መስሏቸዋል። ሞላሁላቸው። በኦሮምኛ «ገለቶሚ፣ ኢልማ ኮ»፣ ተመስገን ልጄ፣ እያሉ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ጎዶሎው ውሃ ወዲያ ወዲህ እየተላተመ መኪናውን ከኋላ ይገፋው ጀመር። ሙሉው ይሻል ነበር። በአንደኛ ማርሽ፣ ላብ በላብ ሆኜ ወረድኩ።

ሲሬ ደግሞ ውሃ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። የሺ ታንከሩን በእጇ አንኳኳችው።

«የት ሄደ፣ ጋሼ?»

«መንገድ ላይ ለተጠሙ ሰጠሁት።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ረጋ። «ይሁን፣ ጽድቅ ነው» አለችና የታንከሩን ለድስት ቆጥባ ለራሷ ከያዘችው የላስቲክ ውሃ ቀድታ ሻይ አፈላችልኝ።

ጠጣሁት። የሰጠሁት አንድ ጀሪካን ነው። የቀረውን አፈር ጠጥቶታል።