እፀገነትን የማናደድ ትምህርት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ገመቹ ሱሪውን ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ አመጣው። "ጋሽ የኔሰው፣ ትንሽ ያስፉልኝ፤ ሲታጠብ ጠበበ።" ሲታጠብ ጠበበ! ይሄ ሱሪ ውሃ አይቶ ያውቃል? ከስፌቱ የሚለቀቅ ጨርቅ እኮ አልቋል። ከዚህ በኋላ ከጎረቤት ሱሪ መበደር ነው። እንዲህ የሚፈተን ልብስ ሰፊ በኮልፌ ከእኔ ሌላ የለም። አቤቱታዬ ይመዝገብልኝ።

ከሰዓት አስኮ ሄጄ ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ለእፀገነት ነገርኳት። ሆዴን ነፍቼ፣ የገመቹን አረማመድ እየሠራሁ። ድሮ ቢሆን... ድሮ ቢሆን እፀገነት በሳቅ ትራሷን ትነክስ ነበር። ዛሬ ግድግዳውን አየች። ቀኝ እጇ በሻርፕ እንደተጠቀለለ ነው። ነሐሴ ላይ የተሳፈረችበት ባጃጅ ሲገለበጥ የደቀቀው እጅ። ሐኪሙ ጣቶቹን በየቀኑ ካላንቀሳቀሰቻቸው እንደዚያው ደርቀው ይቀራሉ ብሏል። አታንቀሳቅሳቸውም።

እህቴ ወለተጻድቅ እስከ ውጭ በር ሸኘችኝ።

"ትናንት ምን አለችኝ መሰለህ? ቀለሞቼን ለሰው ስጪልኝ።"

"አንቺስ?"

"እሺ አልኳት። ምን ልበላት?"

ታክሲ ውስጥ አሰብኩ፣ አሰብኩ... ልጅቷ ሰዓሊ ናት። ሌላ ነገር ሆና አታውቅም። ቀለሙ ከቤት ከወጣ ምን ይቀራል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ቀልዴ ለምን አልሠራም? መልሱን ያገኘሁት ይመስለኛል። ስለ ሥዕል የማውቀው ቀልድ አንድ ብቻ ነው፦ "ይህንንማ ዶሮ ቀለም ረግጣ ብታልፍም ትሠራዋለች።" ያችኑ ስንት ዓመት ስደጋግም፣ እሷም ስንት ዓመት ስትሟገተኝ። እጇን እያወናጨፈች። "ጋሼ፣ አንተ እኮ አታይም! ዓይንህ ሱፍ ብቻ ነው የለመደው!"

ያ ሙግት ነው የናፈቀኝ። ሰውን በደንብ ለማናደድ ደግሞ እውቀት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት፣ ስፌትን አሮጌ ኮት ፈትቼ ነው የተማርኩት። ይሄስ ምን ያቅተኛል?

የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ። ዘመናዊ ሥዕል፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ብዬ ስፈልግ የመጣው መዓት! ኒውዮርክ ያለ አንድ ሙዚየም ነፃ ትምህርት አለው። አስተማሪዋ ግን ወያላ ናት፤ ትንፋሽ አትወስድም። እያቆምኳት፣ እየመለስኳት... አንዱን ቪዲዮ ሦስቴ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ኩቢዝም። ፒካሶና ብራክ። ፊት ከፊትም ከጎንም ባንድ ላይ፤ አፍንጫ ወዲያ፣ ዓይን ወዲህ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛዬን አየሁ። ያልተሰፋ ኮት ተዘርግቷል። ደረቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ሁሉም ጎን ለጎን፣ ጠፍጣፋ። ባለቤቱ ባንድ ጊዜ ከፊትም ከኋላም ይታያል! ዕድሜዬን ሙሉ ስቆርጠው የኖርኩት ነገር... ለብቻዬ ጮህኩ።

በቴሌግራም ድምፄን ላኩላት። "እፀዬ፣ ፒካሶ ለካ ልብስ ሰፊ ነው። ቆርጦ ቆርጦ መስፋቱን የረሳ ሰነፍ ልብስ ሰፊ።"

ሰምታዋለች፤ ስልኩ ያሳያል። መልስ የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ምንም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዘዴ ቀየርኩ። ሆን ብሎ መሳሳት። እሷ ስህተት ሰምታ ዝም ማለት አትችልም፤ በልጅነቷ ቄሱን ሳይቀር ታርም ነበር። "ሞንድሪያን የሚሉት ጣሊያናዊ፣ ያንን ቀይና ሰማያዊ አራት ማዕዘኑን ያገኘው ከአንድ ቪላ ማቶኔላ ላይ ነው" ብዬ ላኩላት። ሆላንዳዊ መሆኑን ትናንት ተምሬያለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ጨመርኩ፦ "ይቅርታ፣ ስፔናዊ ነው ለካ።"

ሁለቱንም ሰማች። አላረመችኝም።

ያኔ ነው የፈራሁት። የምሬን ነው የምጽፈው፤ ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ጥቁር ካሬ አየሁ። ማሌቪች የሚባል ሰው የሠራው። በነጭ መሐል ጥቁር አራት ማዕዘን፤ ሌላ ምንም የለም። ቀልድ ፈለግሁለት። የገመቹ ሱሪ መቀመጫ ላይ የምለጥፈው እራፊ ብዬ ጀመርኩና... የትም አልደረሰልኝ። መጋረጃው የተዘጋውን የእፀገነትን ክፍል መሰለኝ።

ወለተጻድቅ ደወለች። ቀለሞቹን ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሰጠቻቸው። ብሩሾቹንም። "ሲወስዱት ቆማ አየች፤ ተመልሳ ተኛች። አላለቀሰችም እኮ፣ የኔሰው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።"

ሄድኩ። ጥቂት ጉርሻ በግድ አጎረስኳት። ሌላ ሲጠፋኝ የዶሮዋን ቀልድ እንኳ አወጣሁ። "ጋሼ፣ አትድከም" አለችኝ። በትህትና። ለእንግዳ እንደሚባለው። ምነው በሰደበችኝ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ማቲስ። ፈረንሳዊ ነው። ሆዱን ታክሞ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የቀረ ሽማግሌ። ቆሞ መሳል ሲያቅተው መቀስ አነሳ። ረዳቶቹ ወረቀት ቀለም ይቀቡለታል፣ እሱ ይቆርጣል። የሙያ ባልደረባዬ! ቅጠሉ፣ ዓሣው፣ ጨፋሪው፣ ሁሉም በመቀስ። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

ወዲያው ቁርጥራጭ ጨርቅ አወጣሁ። እስቲ በግራ እጄ፣ እሷ እንደምታደርገው... መቀሱ ጨርቁን አጠፈው እንጂ አልቆረጠውም። ለካ ስለቶቹ የተገጠሙት ለቀኝ እጅ ነው፤ በግራ ሲይዙት ይራራቃሉ። ይሄን ሁሉ ዘመን የያዝኩት መቀስ አላውቅህም አለኝ። ተናድጄ ወረወርኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ። በየቀኑ እንዲህ ነው የምትውለው? ማንኪያ ስታነሳ፣ ፀጉሯን ስታስር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

መርካቶ ዞርኩ። "የግራ እጅ መቀስ? አባባ ደግሞ፣ ይቀልዳሉ!" ለአንዴ የምሬን በሆንኩ ቀን። ተስፋ ቆርጬ ልመለስ ስል ተገኘ፤ አቧራ የጠጣ፣ ግን የሚሠራ።

አስኮ ወሰድኩላት። የሽማግሌውን ታሪክ ነገርኳት፣ ሳልቀልድ፣ እንደ ሰው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ መቀሱን በአንድ ጣት ወደ መስኮቱ ገፋችው።

"ታሪኩን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። እሱ ከዚያ በፊት ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል። እኔ ገና ምን ሠራሁ?"

መቀሱን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ጥያቄዋ እስከ አጠና ተራ ተከተለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ስለዚያው ሽማግሌ ሌላ ነገር አነበብኩ። ከሞተ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1961፣ የጀልባ ሥዕሉን ኒውዮርክ ላይ ገልብጠው ሰቀሉት። ከወር በላይ! ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው በፊቱ አልፏል። መገልበጡን ያወቀችው አንዲት ተመልካች ናት። ሳቄ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ...

ቀና ስል ከስፌት መኪናዬ በላይ የእፀገነት ሥዕል። ስትመረቅ የሰጠችኝ። የበር ግማሽ ያህላል። ከታች ዝገት፣ ቡናማ፣ ግራጫ ተደራርቦ፣ ከላይ ቀጭን ሰማያዊ። "ይሄማ ቆርቆሮ ነው" እላት ነበር። "ቆርቆሮ አይደለም፣ ጋሼ! ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው ነገር ነው።"

ገለበጥኩት። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ሰማያዊዋ ከታች ሆነች። ፎቶ አንስቼ ላኩላት፤ ድምፅም ጨመርኩ። "እፀዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ዘቅዝቀን ሰቅለነው ኖሯል! አሁን አማረበት። ገመቹ አጨበጨበ።" ገመቹ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ ዓይኑ ሱሪው ላይ ነው።

ሰማች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። አንድም ሰው አላወቀም። የከፋው ደግሞ... እኔም እየለመድኩት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወለተጻድቅ ጠዋት ደወለች። እፀገነት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ለነገው የሐኪም ቀጠሮም አልሄድም ብላለች። "አንተም ተዋት፣ የኔሰው። ቀልድህ እያደከማት ነው።"

እውነቷን ይሆናል። ይሄን ሁሉ የተማርኩት ለምን ነበር? ፒካሶን አወቅሁ፣ ማቲስን አወቅሁ። የገዛ እህቴን ልጅ አንድ ቃል ማናገር አቃተኝ። የምችለው ነገር ቢኖር ማሳቅ ነበር። ማሳቅ ካልሆነ ማናደድ። ሁለቱም አለቁ። ሦስተኛ አላውቅም...

ሥዕሉን ነገ አስተካክለዋለሁ። ዛሬ ለማንሳት ጉልበት የለኝም።

በሩ እየተንኳኳ ነው። ገመቹ ይሆናል። ያቺ ሱሪ...

ገመቹ አይደለም።

እፀገነት ናት። ብቻዋን። ከአስኮ በታክሲ፣ በቤት ነጠላ ጫማ። ሰላም አላለችኝም። ከራሴ በላይ ግድግዳውን ነው የምታየው።

"ጋሼ፣ አመመህ? ሰው በሚገባበት ቤት? ሰማዩን ከታች?"

"የቱን ሰማይ? ቆርቆሮ አይደለም እንዴ?"

"አንተ ሰውዬ! ደግሞ ሞንድሪያን ስፔናዊ!"

ከንፈሯ ደርቋል፣ ፊቷ ከስቷል። ቀኝ እጇ ከሻርፑ ወጥቷል። ጣቶቹ እንደታጠፉ ናቸው፤ አልተዘረጉም። ላዩ የት እንደሆነ የምታሳየኝ ግን በዚያው እጅ ነው። ለብቻህ አታወርደውም፣ ያንን ወገን ያዝ፣ እኔ ይሄን እይዛለሁ ትላለች።

ምን ትጽፋለህ፣ ወንበር አምጣ እያለችኝ ነው።