አባ ዝም ያሉበት ቦታ

ሰኞ

ሽሽታ ብቻ። ትናንት ኮምቦልቻ ድረስ ወርጄ፣ አባን አድክሜ፣ ቀድቼ የመጣሁት ይኸን ነው። ላፕቶፑ ላይ ሳዳምጠው ዘይት ድስት ውስጥ የሚንጫጫ ይመስላል። አባ ከዘይቱ ሥር የሆነ ነገር ይላሉ፤ ምን እንደሚሉ ግን አይለይም።

ሐሙስ ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ። ሐኪሙ ድምፃቸው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሏል። የእህቴ የራህማ ኒካ፣ የጋብቻ ውሏ፣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ለስንቱ ሰው ልጅ ወዳጃ ጉባኤ ተቀምጠው ዱዓ ሲያደርጉ የኖሩ ሰው፣ ለገዛ ልጃቸው ሲሆን አፋቸው ሊዘጋ? ዱዓቸውን ቀድሜ መቅዳት አለብኝ። በስልክ ሞክሬው ነበር፤ ድምፃቸው ከስቷል፣ ከባጃጅ በቀር የያዘው የለም።

ከድር ጋ ደወልኩ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የጫነልኝ እሱ ነው። «አብሽሪ፣ ይስተካከላል» አለኝ። እዚህ ያደረሰኝ የሱ አብሽሪ ነው።

ማክሰኞ

አባ ለምርመራ ደሴ መጥተው ሆጤ እኔ ቤት አርፈዋል። ከድር በስልክ ያዘዘኝን ሁሉ አደረግሁ።

የማይኩ ጉልበት እስከ ጥግ ተለጥጦ ነበር፤ ቀነስኩት። የሽሽታው ግማሽ ለካ ከዚያ ነው።
ቻርጀሩን ነቀልኩ። ጉምጉምታው ጠፋ።
ላፕቶፑን አራቅሁ፤ የኢርፎኑን ማይክ አባ አንገትጌ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት።
ፍራሽ ግድግዳው ላይ፣ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ።

ክፍሉ ጭር አለ፣ ደስ አለኝ። አባ ቢስሚላህ ከማለታቸው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደበት። «ይኸ ዝናብ ትንሽ ቢቆይ ምናለ» ብል ተቆጡኝ። «የአላህ ረሕመት ነው ልጄ፤ አትማረሪበት።» እሺ አልኩ፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም። ዝናቡ ሳያባራ ባትሪው አለቀ። ነገ ከሰዓት ሆስፒታል ይተኛሉ። የቀረኝ የነገ ጠዋት ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት

ተቀዳ። አልሐምዱሊላህ።

ከድር እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «መጀመሪያ ሁላችሁም ዝም በሉና የክፍሉን ድምፅ ብቻ ቅጂ። ፕሮግራሙ ጫጫታው የትኛው እንደሆነ ከዚያ ይማርና ከሁሉም ላይ ይጠርገዋል።» አባን ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ እንኳ ቋ ቋ እንዳይል ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ከዚያ ጀመሩ። «ደጃችሁ እንግዳ አይጣ፣ የተጣላ እናንተ ቤት ይታረቅ።» መሀል ላይ «ኸዲጃ ብትኖር» አሉ፣ ሟች እናቴን ነው፣ እና ቆሙ። ውሃ ላቀርብ ስነሳ በእጃቸው ከለከሉኝ። ቆይተው ቀጠሉ። ያንን ክፍተት ኋላ እቆርጠዋለሁ። ሲጨርሱ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም ነበር።

ረቡዕ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ

አበላሸሁት። ካጸዳሁት በኋላ አባ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚናገሩ ይመስላሉ፤ ዝግ ሲሉ ደግሞ ቃሉ ጭራሽ ይጠፋል። ያልተነካው ቅጂ መኖሩን ሳይ ነው የተነፈስኩት። ግን እሱም ሽሽታ አለበት፤ ሠርግ ቤት በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ ሽሽታው አባን ይውጣቸዋል። አባ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ራህማ አብራቸው ናት። እንደገና በሉልኝ የምልበት አፍ የለኝም።

የመጀመሪያውን ዝምታ በኢርፎን፣ ከፍ አድርጌ ሰማሁት። አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ። በትንፋሽ ብቻ። እንዴት አላሰብኩትም? አባ ሙስበሃ ቢያስቀምጡ ዚክሩን፣ አላህን ማውሳቱን፣ ያስቀምጣሉ? ለእሳቸው ዝም ማለት ይኸ ነው። እኔ ደግሞ ይኸ ጫጫታ ነው፣ ጥረገው ብዬ ለኮምፒውተሩ የአባቴን ድምፅ ሰጠሁት።

ሌላ ዝምታ ፈለግሁ። የለም። እሳቸው ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር እኔ አሚን ብያለሁ። ዱዓ ሲደረግ አፍ ዘግቶ የሚቀመጥ ማን አለ? ከድር በስልክ «አንዲት ንጹህ ዝምታ አጣሽ?» ሲለኝ ልሰድበው ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ኸዲጃ ብትኖር።

እዚያ አሚን አላልኩም። የእሳቸውም ከንፈር ቆሞ ነበር። አዳመጥኩት፤ ሽሽታ ብቻ። ላፕቶፑን ያንን አሰማሁትና ያልተነካውን ቅጂ እንደገና እንዲጠርግ አዘዝኩት።

ጠረገው። የአባ ድምፅ ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ያህል ጠራ። ማልቀስ ያዘኝ፤ ከድር መስመር ላይ እንደሆነ ረስቼው ነበር።

ሐሙስ

አባ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተዋል። ኮሪደሩ ላይ ከራህማ ጋር አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለን ሰማን። «አባ እዚህ ጋ ለምን ዝም አሉ? ቁረጪው እንጂ» አለችኝ። አይቆረጥም አልኳትና ምክንያቱን ነገርኳት። ያቺን ቦታ ብቻ ደግማ ደግማ ሰማችው። እኔ በሩን አየሁ። ነርስ በወጣች ቁጥር እነሳለሁ።

ዓርብ

ነቅተዋል። አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ስለ ድምፃቸው ሐኪሙን ብጠይቀው «እናያለን» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አላስጨነቅሁትም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም አይሰማም። ዚክር ይሁን የራህማ ዱዓ አላወቅሁም።

አሚን አልኩ።