የቆዳው መጋዘን ሽታ

ለኔዋ አስካለ፣ ባለሽበት ይድረስሽ፤

ከተለየሽኝ ይህ ሦስተኛው የሙቀት ወራት ነው። እዚህ በሰው አገር፣ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት፤ ጣሪያዋን ብቻ አስቀይሬያለሁ። ጎረቤታችን ኻድራ ጠዋት በሯን ስትከፍት የኔንም ታንኳኳለች፣ በሕይወት መኖሬን ለማወቅ መሰለኝ። ጸሎቴን አላቋረጥኩም። እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

አንቺ የሠራሽበትን የቆዳ መጋዘን አፍርሰው ፎቅ እየሠሩበት ነው። እኔም እዚያው ዘበኛ ሆኛለሁ። ባለፈው ሳምንት ለመሠረቱ ሲቆፍሩ ጨው የጠገበ ጥቁር አፈር ወጣ፣ ሽታውም አብሮ። ያ ሽታ፣ ሆዴ። በባቡር ከድሬዳዋ የሚመጣውን ጥሬ ቆዳ ጨው ስትነሰንሺበት ውለሽ፣ ማታ በልብስሽ ይዘሽው የምትገቢው። ወገቤን ታምሜ ከወደብ ሥራ ስቀር ያበላኝ እሱ ነው።

ሠራተኞቹ ወደ የመን ለመሻገር የሚጠባበቁ የአገራችን ልጆች ናቸው። አፍንጫቸውን ይዘው ይሳሳቁ ጀመር። አንዱማ፣ እዚህ ይሠራ ከነበረ ሰው ጋር ማን አብሮ ይተኛ ነበር ብሎ ቀለደ። አባባ፣ ምን ነበር እዚህ ሲሉኝ፣ እኔ ምን አውቄ አልኳቸው። አፍንጫዬን በፎጣዬ ሸፍኜ አብሬያቸው ሳቅኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የክርስትና ስምሽን ለጸሎት ማስጠራት አቃተኝ። በምን አፌ?

በሕይወት ሳለሽም ያው ነበርኩ። ለእድሩ ሰዎች ወደብ ቢሮ ነው የምትሠራው እላቸው ነበር። አንቺም እንዳላፍር ብለሽ ጨው የሰነጠቀውን እጅሽን ነጠላሽ ውስጥ ትደብቂ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አውጪው አላልኩሽም።

ትናንት ኮንክሪቱ ሊሞላ ሲል፣ ልጆቹ ምሳ እየበሉ ሳለ ፊታቸው ቆምኩ። ባለቤቴ እዚህ ቆዳ በጨው ታሽ ነበር፣ የኖርኩትም በሷ ድካም ነው አልኳቸው። የቀለደው ልጅ ዳቦውን አስቀምጦ ተነሳና ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱ እኮ አያውቅሽም። የማውቅሽ እኔ ነበርኩ።

ፎቁ ሲያልቅ የሚገቡት ሰዎች ከሥሩ ምን እንደነበረ አያውቁም። እኔ ግን በዚያ መንገድ እስካለፍኩ ድረስ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ሥራሽን ከነስምሽ እናገራለሁ። ነፍስሽን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልኝ።

ያፈረብሽ ባልሽ