ባልበሉት ስጋ ንስሐ የገቡት የአቶ ደርበው ይመር የሕይወት ታሪክ

አቶ ደርበው ከአባታቸው ከአቶ ይመር አሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘውዴ ካሳ በ1949 ዓ.ም. ወሎ፣ ደላንታ ተወለዱ። አባታቸው ገና በአርባ ዓመታቸው ማሳ ላይ ደረታቸውን እንደያዙ ወደቁ። ሰዉ መጋኛ መታቸው ብሎ ቀበራቸው። ልጅየው ከአራተኛ ክፍል ወጥተው አናጢነት ተማሩ።

በ1977 ከሰፋሪው ጋር አሶሳ መጡ። በ1981 ወይዘሮ እታለምን አግብተው ሠናይትንና ያብስራን ወለዱ። አዲሱ ክልል ሲቋቋም ቢሮ እንጂ ወንበር አልነበረውም፤ ወንበሩን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ስንት ኃላፊ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ወንበሩ ግን እስካሁን አንድ እግሩ አልላላም።

በ1997 ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከሌላ ከተማ ሐኪሞች ለጥናት ሆስፒታል መጡ። ኮሌስትሮል የሚሉትን የደም ስብ ነበር የሚያጠኑት። የብዙ ሰው ደም ወሰዱና ስጋና ቅቤ ተዉ አሉ። ለጿሚ ምኑ ምክር ነው፤ ድሮም የተወው ነው። በሕማማት ተመልሰው ሲለኩ የሌላው ሁሉ ወርዷል፤ የአቶ ደርበው እዚያው የነበረበት ነው። አንዱ ሐኪም ወረፋ በያዘው ሰው ፊት፣ "ጋሼ፣ እኛን ማታለል ይቻላል፣ ደም ግን አይዋሽም። ስጋውን የት ነው የሚበሉት?" አላቸው።

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባ። ጎረቤታቸው ስጋ ሻጩ አቶ ባቢከር ናቸው የሚያበሏቸው ተባለ፤ በሁዳዴ፣ ያውም የእስላም ስጋ። አቶ ባቢከር፣ አቶ ደርበው በሙሴነት የሚመሩት የሚካኤል ማኅበር በተቀመጠበት ገብተው፣ "ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ እኔ ቤት ውሃ ብቻ ነው የጠጣ። እሱም ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ። ስጋ ቢበላ እኔ ሀብታም ነበርኩ" አሉ። ተሳቀ እንጂ ማን ሰማቸው።

አቶ ደርበው ከማኅበሩ ሙሴነት ተነሱ። የነፍስ አባታቸው ስግደት አዘዟቸው። ቢክዱ ውሸታም፣ ቢያምኑ ጾም ገዳፊ፤ የታዘዙትን ሰገዱ። ደረታቸው እየወጋቸው ሰገዱ። ሆስፒታል ግን ዳግም አልረገጡም።

በ1999 እነዚያው ሐኪሞች ቤታቸው ድረስ መጡ። በሽታው በዘር የሚወረስ ነው፣ ጾም ብቻውን አያወርደውም፣ አባትዎንም የገደለው ይሄው ሳይሆን አይቀርም አሏቸው። ስድቡ ሕዝብ ፊት ነበር፤ ይቅርታው ጓሮ ውስጥ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ሆነ። "ይሄንኑ ማኅበሩ ፊት ንገሩልኝ" ብለው ለመኗቸው። መኪና እየጠበቀን ነው ብለው ሄዱ። ያዘዙላቸው ኪኒንም አሶሳ የለም፣ አዲስ አበባ ነው ያለው ተባለ።

አዲስ አበባ ሳይሄዱ ጥር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ዕለት፣ ማኅበሩ ያለሳቸው ጠላ ሲጠጣ፣ በ52 ዓመታቸው ደረታቸውን ይዘው አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ያብስራና ልጃቸው ሠናይት ቀርተዋል። ሠናይት ተመርምራ የደሟ ስብ እንደ አባቷ ሆኖ ተገኝቷል። ሁዳዴም ደርሷል፤ ትጾማለች። ምን በላሽ ብሎ የሚጠይቃት ካለ፣ አሁን እዚሁ፣ አፈሩ ሳይደርቅ ይጠይቃት።

ማንም ሳያምናቸው የጾሙትን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። አሜን።