ለግራ እጅህ የተሠራው ጆይስቲክ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምትናፍቀኝ፣ ስልክ ግን ለማታነሳልኝ ወንድሜ ለሰላህ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ሰውነትህስ እንዴት ነው? ቁስሉ ጠገገልህ ወይስ አሁንም ማታ ማታ ይጠዘጥዝሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እማ ደህና ናት? ወገቧን ተሻላት? እህታችን ሲቲስ እንዴት ናት? ጎረቤቱ፣ የመስጊዱ ጀማዓ፣ የኮምቦልቻ ሰው ሁሉ አማን ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኔም ያያል፣ እግሬም ይሄዳል፣ ሆዴም ያገኘውን ይቀበላል። ናፍቆቱን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽህም፤ እሱ እንደ ኤደን ሙቀት ነው፣ ለመድኩት ስል ይብስበታል።

በዚህ ዘመን በወረቀት መጻፌ ሳያስቅህ አይቀርም። ምን ላድርግ ታዲያ? ስደውል አታነሳም፣ ድምፄን ቀድቼ ብልክልህ አትከፍተውም። ሲቲን ስጠይቃት ሁልጊዜ ተኝቷል ትለኛለች። የቤታችን እንቅልፋም እኔ እንጂ አንተ እንዳልነበርክ ረስታዋለች መሰለኝ። ስለዚህ አብሮኝ የሚኖረው ተሻገር ወደ አገር ሊመለስ መሆኑን ስሰማ ይህን ሳጥንና ይህን ወረቀት አደራ አልኩት። ተሻገር የመርሳ ልጅ ነው። ሳውዲ እገባለሁ ብሎ እስከ ድንበሩ ሄዶ፣ መንገዱ ያሳየውን አሳይቶት፣ ከስቶ ወደ ኤደን ተመለሰ። አሁን ስደተኛ በሚመልሰው አውሮፕላን ላይ ስሙ ወጥቶለታል። ቤት ሲመጣ ደህና አድርጋችሁ ተቀበሉት፣ ስለ መንገዱ ግን አትጠይቁት።

የኔን ነገር እንደምታውቀው ነው። ኤደን ከተማ፣ ሼህ ዑስማን ውስጥ ቃሂራ በሚባለው ሰፈር እኖራለሁ፤ የምሠራው ደግሞ እዚያው አጠገብ ሀሽሚ ገበያ፣ ራሺድ የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ ነው። ራሺድ ስልክና የጨዋታ ዕቃ ይሸጣል፣ ይጠግናል። እናቱ፣ እንደ አክስቴ ኻላ ዐሊያ እያልኩ የምጠራት፣ ደሴ ተወልዳ ያደገች የመናዊት ናት፤ ሥራውንም ያገኘሁት ወሎዬ መሆኔን ስለሰማች ነው። እንግዲህ ቀን ቀን ከሰው ጋር ነኝ። ማታ ነው የሚከፋው። ክፍላችን ውስጥ መጀመሪያ እግር በእግር ላይ ሆነን ነበር የምንተኛው። አንድ በአንድ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳውዲ ሄዱ። የደረሰው ይደውላል፤ ስላልደወለው ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። አሁን ተሻገርም ሲሄድ ክፍሉ የኔ ብቻ ይሆናል። ድሮ እግሬን የምዘረጋበት አጣሁ ብዬ እማረር ነበር፤ ይኸው አላህ ሰማኝ፣ አሁን ቦታው ሰፍቶ የሚያማርረኝ ሰው አጣሁ።

የምትሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት መጋዝ ሦስት ጣቶችህን እንደወሰደ ሲቲ ነገረችኝ። ከዚያ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ ሥራህ አልነበረም፤ ስለ ጨዋታህ ነበር። ያቺ ሽማግሌ ላፕቶፕ ዊንዶውስ አልሸከምም ብላ ስታቃስት፣ አንተ አይደለህ ቀለል ያለውን ሊነክስ ጭነህ ነፍስ የዘራህባት? የሰፈሩ ሰው ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ በሷ ላይ ኳስ ትጫወቱ አልነበር? እኔንም ሁሌ ታሸንፈኝ ነበር። ደግሞ አሸንፈህ ዝም አትልም፤ እማ ዘንድ ሄደህ ውጤቱን እንደ ሬዲዮ ታሰማለህ። ያ ድምፅህ ጠፋ ሲሉኝ ነው ቤቱ ጭር ያለብኝ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ሆኜ እንኳ።

ነገሩን ራሺድን ሳማክረው፣ ያቺን ስክሪኗም ቁልፏም አንድ ላይ የሆነችውን፣ በእጅ የምትያዘውን ትንሽ የጨዋታ መሣሪያ ላክለት አለኝ። ውስጧ የሚሠራውም ያው ሊነክስ ነው፣ አይቸገርም አለ። ልክ ነው፣ አትቸገርም ነበር። ግን እሷ በሁለት እጅ ካልያዟት አትታዘዝም። ማሾፍ ይሆንብኛል ብዬ ተውኳትና ጆይስቲክ መምረጥ ጀመርኩ። ቀላል ሥራ እንዳይመስልህ። ሳጥኑ ላይ በሁሉም ኮምፒውተር ይሠራል ተብሎ ተጽፎ፣ ሊነክስ ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ማውስ ነው ብሎ የሚያስበው አለ። ዝለል ሲሉት የሚተኩስ፣ ተኩስ ሲሉት ጨዋታውን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ አለ። አንዱ ደግሞ በአውራ ጣት የሚሽከረከረው ዘንጉ ውስጡ ተበልቶ፣ ሳይነኩት ወደ ግራ ይነዳል፤ ጫት የቃመ ሹፌር ይመስላል። ሽቦ አልባዎቹን ሁሉ ገሸሽ አደረግኳቸው፤ የላፕቶፕህ ብሉቱዝ ድሮም ደስ ሲለው ነው የሚሰማ። በመጨረሻ ሽቦ ያለው፣ መያዣው ወፈር ያለ፣ ዘንጉ በማግኔት ስለሚሠራ ቶሎ የማይበላ አንድ አገኘሁ። ሊነክስም ገና ስሰካው አወቀው። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን ደግሞ የምትስቅብኝን ልንገርህ። እጅህን ያየሁት ሲቲ በላከችው ፎቶ ነው፤ እሷ ከፊት ሆና ስትስቅ፣ አንተ ከኋላዋ ፊትህን አዙረህ፣ እጅህ በፋሻ ተጠቅልሎ። ግራ እጅህ ነው። አየሁት፣ ደጋግሜ አየሁት። የትኛው እጁ ነው ብዬ መጠየቅ ደግሞ ከበደኝ፤ እማ ስልኩ አጠገብ ትኖርና ታለቅስ ይሆናል ብዬ። ስለዚህ ጆይስቲኩን ፈትቼ፣ በግራ ያለውን ዘንግና ቁልፍ ሁሉ ለቀኝ እጅ እንዲመች አዛወርኩ። አምሮ ነበር። ራሺድ እንኳ ሱቁ ለሚመጣው ሁሉ ያሳይልኝ ጀመር።

ከዚያ ሲቲ በድምፅ መልእክት አንድ ነገር ነገረችኝ። ከቤት ሰው ጋር መብላት ትተሃል አሉ። ሳህንህን ይዘህ ወደ ጓዳ ትገባለህ አሉ፤ በግራ እጅህ ስትበላ ሰው እንዳያይህ። እማ ከበሩ ማዶ ቆማ ቢስሚላህ ስትል ትሰማታለህ፣ ግን አትወጣም አሉ። ያን ስሰማ ነው የገባኝ። የጠፋው ቀኝህ ነው። ሲቲ በፊት ለፊቱ ካሜራ ያነሳችው ፎቶ እንደ መስታወት ቀኙን ግራ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። እኔ ቀኑን ሙሉ ስልክ የምጠግን ሰው ይህን አጣሁት! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ግን እመነኝ ሰላህ፣ ያዘንኩት ለጆይስቲኩ አይደለም። ምንጊዜም ከትሪው አፋፍ የማትጠፋው አንተ ጓዳ ገብተህ ስትበላ ስለታየኝ ነው።

ሁሉን አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ደግሞ ከበደ፤ በጆይስቲክ ላይ ሥራ የሚበዛው በቀኝ በኩል ነውና። መምታቱም፣ ማቀበሉም፣ መዝለሉም እዚያ ነው። ማቀበያውን ከመያዣው ጀርባ፣ የግራ መሃል ጣትህ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አደረግኩት። መምቻውን ከተጣለ የጨዋታ ማሽን ላይ በነቀልኩት ትልቅ ክብ ቁልፍ ተካሁት፤ በቀኝ እጅህ መዳፍ ዝም ብለህ መታ ታደርገዋለህ። መሮጫው በእግር ነው፤ የአሮጌ ስፌት ማሽን ፔዳል አገኘሁለት። እንዳይንሸራተት ሁሉንም ጣውላ ላይ አሰርኩት። ጣውላውን የላገው እኔ ስለሆንኩ አናጢነትህ ሳይስቅበት አይቀርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ መጀመሪያ የበየድኩት ሽቦ በፈተናው መሃል ተበጠሰብኝ። አሁን ግን ጥብቅ ነው።

ለአንተ ይመች አይመች እንዴት ልወቅ? የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች ወደ መዳፌ አጥፌ በጨርቅ አሰርኳቸው። ለጨዋታው ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ግን ልፍታው ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ሰላህ ቀኑን ሙሉ እንዲህ አይደል የሚውለው ብዬ እንደታሰረ ዋልኩ። ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ከሶላት በኋላ ራሺድ እንደ ልማዱ ቤቱ ለምሳ ወሰደኝ። ሩዝና ዓሣ በትልቅ ትሪ ቀረበ፤ እኔም ቢስሚላህ ብዬ ግራ እጄን ሰደድኩ።

የራሺድ አጎት ሳሊሕ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን ከትሪው አነሱ። በቀኝህ ብላ አሉኝ። ቀኜ ታስሯል አልኳቸው። ታዲያ ፍታው አሉኝ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ሳቁ አልመጣም። ግራ እጅ መኮላተፉ አይደለም የሚያመው ወንድሜ፤ ሌላው ሰው እጁን ሲያነሳ ነው የሚያመው። ይህን ጓዳ ገብተህ የምትሸሸውን ነገር ለአንዲት ምሳ ቀመስኩት።

ኻላ ዐሊያ ከዳር ተቀምጣ ታየኝ ኖሯል። ምን ሆነህ ነው ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ አለችኝ። ነገርኳት፤ መጋዙንም፣ ጓዳውንም፣ እማ ከበሩ ማዶ መቆሟንም። ስምህን ጠየቀችኝ። ከዚያ ተጠግታ ከዓሣው ላይ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ ሥጋውን በግራ እጄ በኩል ትከምርልኝ ጀመር። ለሳሊሕም ዑዝር፣ በቂ ምክንያት ያለበት ሰው ወንጀል የለበትም፣ አላህ ያገራለትን አንተ አታክብድበት አለቻቸው። ለኔ ደግሞ፣ ይቺ የሰላህ ድርሻ ናት፣ ብላለት አለችኝ። ሽማግሌውም እጃቸውን ወደ ትሪው መለሱ፤ በኔ በኩል ያለውን ሩዝ ጠጋ አደረጉልኝ። በላሁልህ። ከኮምቦልቻ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ጠግቤ አላውቅም። ክፍሌ ስገባ ጨርቁን ፈታሁት። እኔ መፍታት በመቻሌ አፈርኩና ተቀምጬ አለቀስኩ።

አሁን ስለ አሠራሩ በአጭሩ። ሽቦውን ስትሰካው መሃል ላይ ያለውን ቁልፍ ትንሽ ተጭነህ ቆይ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ሊነክስ አውቆታል ማለት ነው። ቁልፎቹ የተዘበራረቁ ከመሰለህ በሳጥኑ ባለው ፍላሽ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ፋይል ወደ ጨዋታው ማኅደር ገልብጠው፤ ያ ከኔ ይልቅ ላንተ ቀላል ነው። ፔዳሉን ጫማህን አውልቀህ እርገጠው። የማይመችህን አንቀሳቅሰው፣ ብሎኖቹን ሆን ብዬ አላጠበቅኳቸውም። አንድ ቀን በእጅ የምትያዘዋን ብታገኝም፣ ማቆሚያ ላይ አድርገህ ይህንኑ ብትሰካባት ትሠራለች።

ከኔ ጋር እንድንጫወትበት እንዳልላኩት ግን ልንገርህ። የዚህ አገር ኢንተርኔት ሰላምታ እንኳ ጨርሶ አያደርስም፤ መብራቱም ሄደ ሳይሆን መጣ ነው ወሬው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛ ጆይስቲክ ታገኛለህ፣ ምንም ያልተነካ፣ እንዲያው ተራ። እሱ አጠገብህ ለሚቀመጠው ሰው ነው። ሲቲ ትሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ ማንም ይሁን። እኔ ማታ ማታ የራሴን ይዤ ከኮምፒውተሩ ጋር እጫወታለሁ። ኮምፒውተር ስታሸንፈውም አይናደድ፣ ሲያሸንፍህም አያሾፍብህ። ሰለቸኝ።

እማን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ዱዓዋ ይደርሰኛል በላት። ሲቲን ለፎቶዋ ክፍያ ጆሮዋን ቆንጠጥ አድርግልኝ፣ ከዚያ ሳማት። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ተሻገርን ሳታበሉ እንዳትሸኙት፤ አንድ ትሪ ላይ አብራችሁት ብሉ።

መልስ ስትሰጠኝ ጆይስቲኩ ሠራ አልሠራ ብለህ አትንገረኝ። እሱ ባይሠራ ሌላ እሠራልሃለሁ። ምሳ ከማን ጋር እንደበላህ ንገረኝ። እማ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ትለን አልነበር? እኔ ብቻዬን የምበላው ሰው አጥቼ ነው። አንተ ግን ከበሩ ማዶ የቆሙ አሉህ። ውጣና በግራ እጅህ ብላ። ከእማ ጋር በላሁ ብለህ የነገርከኝ ዕለት፣ እኔም እዚህ ብቻዬን በላሁ አልልም።

ወንድምህ ሙሐመድአሚን
ሼህ ዑስማን፣ ኤደን
የካቲት 2016 ዓ.ም.