አልታሰርሁም፤ ሜሪ ግን ተሸንፋለች

ውድ ወንድሜ ክፍሉ፤

አልታሰርሁም። ፖሊስም ከምርጫ ጣቢያ ጎትቶ አላስወጣኝም። ይህን ከሰላምታ በፊት የማስቀድመው ባለቤትህ ብርሃነሽ ወሬውን ሰምታ ጥቁር ልትለብስ ምንም አልቀራት ብለው ስለ ነገሩኝ ነው። ወሬው ከዚህ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲነሣ «ወይዘሮ ታደለች ምርጫ ጣቢያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ አየሁ» የሚል ነበር። ውድብሪጅ ሲደርስ ታመመች ተባለ፤ አዲስ አበባ ሲገባ ተደባደበች ሆነ፤ ደብረ ብርሃን እናንተ ዘንድ ሲደርስ እጄ በካቴና ታስሮ ነበር። በስልክ የሄደ ነገር በየደጁ ልብስ ይለውጣል። ስለዚህ እውነቱን ጽፌ በመንገደኛ ልኬልሃለሁ፤ ለቤተሰቡ ጮክ ብለህ አንብብላቸው።

እንግዲህ በሥርዓቱ፤ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልህን ከዘራ ትይዛለህ ወይስ ዛሬም ከበር ኋላ ተደግፎ ነው የሚውለው? የብርሃነሽ ዓይን ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ተሻለው? ሲራክ ሊያስተምር የተዛወረበትን ትምህርት ቤት ለመደው? ክረምቱ ሳይገባ ጣራውን ለአናጢ አሳያችሁት? እኔ ከደም ግፊቴ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም አደብ ገዝቷል። ልጄ በፍቃዱ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከነሚስቱ ደኅና ነው። ልጁ ሩሃማ ግን አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ የዚህ ደብዳቤ ነገርም በአብዛኛው የእሷ ነው።

ሩሃማ አምና የባንክ ሥራዋን ትታ በሜሪ ዳንሊ የምርጫ ዘመቻ ተቀጠረች። ሜሪ ቀድሞ አስተማሪ፣ ኋላ የአንድ ክፍለ ግዛት አገረ ገዢ የነበረች፣ ለፕሬዚዳንትነት የተነሣች ሴት ናት። ሁሉን አፍርሰን እንደገና እንሥራ አትልም፤ እንዳለ ይቀመጥም አትልም። የመድኃኒት ዋጋ ይውረድ፣ የሕፃናት ማቆያ ለሠራተኛ እናት ይድረስ፣ ይህም ደረጃ በደረጃ ይሁን ትላለች። እኔ የወደድኋት የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር የምትጨርስ ሰው ስለ ሆነች ነው። በፍቃዱ ግን «እማዬ፣ ሴትዮዋ ለብ ያለ ውሃ ናት፤ ሻይ አይፈላባት፣ ጥም አትቆርጥ» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ልጁንም «ከተሸነፈች ወደ ባንክሽ፤ ዳግመኛ የፖለቲካ ነገር እንዳልሰማ» ብሎ ቃል አስገብቷታል።

የሩሃማ አማርኛ አጭር ስለ ሆነ ለአገራችን ሰዎች የምደውለው እኔ ሆንሁ። በዘመቻው ቢሮ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። የቢሮው ኀላፊ ኤሊ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አያስገባም። ስሜን እንድናገር፣ ለሜሪ ይመርጡ እንደ ሆነ እንድጠይቅና አመስግኜ ስልኩን እንድዘጋ የሚያዝ ወረቀት ሰጠኝ። ሰው ጤናው ሳይጠየቅ ድምፁ አይጠየቅም ብዬ ወረቀቱን ገለበጥሁት። ግሪንቤልትም ጀርመንታውንም ደወልሁ፤ የእናታቸውን ወገብ፣ የልጃቸውን ምርቃት እየጠየቅሁ ቀስ ብዬ ወደ ሜሪ እገባለሁ። ሩሃማ ከጎኔ ሆና «አያቴ፣ ፕሊስ ሾርት አድርጊው» ትለኛለች፤ እኔም «አድርጊው አይባልም፣ ያድርጉት በይ» እላታለሁ። ሁሉም በመጨረሻ «እሺ እማማ፣ ምን ችግር አለው፣ ለእርስዎ ያልሆነ ድምፅ!» አሉኝ። አንድም ሰው እንቢ አላለኝም። ይህ ሊያጠራጥረኝ ሲገባ አላጠራጠረኝም። ሩሃማም ለኤሊ «የአበሻው ሠፈር አልቋል፤ ሰው አትላክበት» አለችው።

ምርጫው፣ ልብ በል፣ ዋናው አይደለም። የሜሪ ፓርቲ በኖቬምበር ለሚደረገው ዋና ምርጫ የራሱን እጩ የሚለይበት ነው። በዕለቱ ሰማያዊ ኮቴን ለብሼ ወደ ጣቢያው ሄድሁ። አስተናጋጁ ትሑት ሽማግሌ ነበር። የሰጠኝን ወረቀት ባገላብጠው የትምህርት ቦርድ እጩዎች ብቻ ናቸው ያሉበት። ገጽ ጎድሎታል፣ ማተሚያ ቤቱ ተሳስቷል ብዬ መለስሁለት። ሰውየው መዝገቡን አይቶ፣ ዜግነት ባገኘሁ ጊዜ ስመዘገብ የፓርቲውን መስመር ባዶ ትቼው እንደ ነበር ነገረኝ። በሜሪላንድ ደግሞ በዚህ ምርጫ የፕሬዚዳንት እጩ የሚመርጠው በፓርቲው ስም የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ወንዙን ተሻግረህ ቨርጂኒያ፣ በፍቃዱ ዘንድ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የፈለገ ገብቶ ይመርጣል። እኔ ስንቱን ሰው በስልክ ስቀሰቅስ ከርሜ ለሜሪ ድምፅ መስጠት አልቻልሁም። ከጠረጴዛው አልላቀቅ ብል ወንበር አቀረቡልኝ፣ ውሃ ሰጡኝ። ወሬው የተወለደው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ለምን ባዶ እንደ ተውሁት አንተ ታውቀዋለህ። የአጎታችን ልጅ መስፍን በደርግ ጊዜ ስሙ በፓርቲ መዝገብ ተገኘ ተብሎ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። አባታችን ያን ጊዜ «ስማችሁን ለካህን ስጡ፤ ለፓርቲ አትስጡ» አለን። ያን ቃል ባሕር አሻግሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ መስመሩን ስዘልለው እንኳ አላሰብሁበትም። እኔ ብቻም አልነበርሁም። ከኋላዬ የተሰለፈው ጎረቤቴ እንግዳወርቅ ያንኑ ወረቀት ይዞ ሲቆም አየሁት።

«አንተም?» አልሁት።

«እኔማ ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ፣ እማማ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

«ታዲያ በስልክ እሺ ያልኸኝ ምን ልትሆን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እርስዎን እንቢ ብዬ የት እገባለሁ!» አለኝ።

ሜሪ እዚህም ሌላውም ዘንድ ተሸነፈች፤ በሳምንቱም እጩነቷን ተወች። የእኛ ሰዎች ድምፅ ቢጨመርላትም አታሸንፍም ነበር፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ አጣርቻለሁ። ነገር ግን ኤሊ ሩሃማን ጠርቶ «አልቋል ያልሽው ሠፈር የታለ?» አላት። ፓርቲው በዚህ አውራጃ እስከ ኖቬምበር ሕዝብ የምታስተባብርለት አንዲት ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ያን ቦታ የምትመኘው እሷ ነበረች። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ ተቀመጠችና «አያቴ፣ አንቺም አልዋሸሽም፣ እኔም አልዋሸሁም፤ ግን ከእንግዲህ ማን ትረስት ያደርገኛል? ለዳዲ ኮል አድርጌ ወደ ባንክ እመለሳለሁ» አለች። አንቺ ስትለኝ አላረምኋትም። ክፍሉ፣ ልጅቷ ለባንክ እንዳልተፈጠረች እኔ አውቃለሁ፤ ባንክ ሳለች እራቷን እንኳ በፈገግታ በልታ አታውቅም።

በማግስቱ ኤሊ ዘንድ ደውዬ ለእሑድ የእድራችን ስብሰባ ጋበዝሁት፤ ሸሚዙን አስገብቶ እንዲመጣም ነገርሁት። አስገብቶ መጣ። እድራችን የሚሰበሰበው በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ነው። ከሊቀ መንበሩ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁና «ስትመዘገቡ የፓርቲውን መስመር ባዶ የተዋችሁ እጃችሁን አውጡ» አልሁ። አንድ እጅ አልወጣም። ሁሉም የጫማውን ጫፍ ያያል። ያን ጊዜ የራሴን እጅ አወጣሁ። እንግዳወርቅ ተከተለኝ፤ ከዚያ ከፊትም ከኋላም እጅ ይወጣ ጀመር። ጸሐፊያችን ህይወት እጇን እንዳወጣች «ውይ እማማ! ራስዎ ባዶ ትተው ነው እኛን በስልክ መውጫ መግቢያ ያሳጡን?» ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ሳቁ ሲበርድ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው «ስሜ የሰፈረበት መዝገብ ኋላ ማን እጅ ይገባል?» ብለው ጠየቁ። የሁሉም ጥያቄ እሱ ነበር። ልመልስ አፌን ስከፍት ሩሃማ ቀድማኝ ቆመች። «አባባ፣ አልዋሽዎትም» አለቻቸው በዚያ በሚደናቀፍ አማርኛዋ። «በየትኛው ፓርቲ እንደ ተመዘገቡ ሰው ማየት ይችላል። ማንን እንደ መረጡ ግን ማንም አያይም፤ እኔም፣ ፕሬዚዳንቱም። ከፈሩ ባዶ ይተዉት፤ እኔ አልቀየምዎትም። ባዶ ከተዉት ግን የሚሰጥዎ ወረቀት የቱ እንደ ሆነ አሁን ያውቃሉ።» ሽማግሌው ዐይናቸውን ሳይነቅሉ አዩዋት። ኋላ «አዬ፣ በዕድሜዬ ስለ ፓርቲ ሲነግረኝ እንቢ ማለት ትችላለህ ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ የመመዝገቢያውን ቅጽ አምጪው» አሏት። ኤሊ ቃሉን ባይሰማም ቅጽ ለመውሰድ የተሰለፈውን ሰው አየ። እኔ ደግሞ አንድም ቦታ አክብሮቱን ሳትስት መናገሯን አስተዋልሁ።

ሰኞ ዕለት ቦታውን ሰጧት። በፍቃዱ ሲሰማ «በምርጫው ለብ ያለው ውሃ ላይ እኔም ምልክት አድርጌአለሁ፤ ለማንም እንዳይነግሩ» አለኝ። ለአንተ ነገርሁህ፣ አንተ ሩቅ ነህ። ለልጁም እስከ ኖቬምበር ፈቅዶላታል። ዋናው ምርጫ ፓርቲ አይጠይቅም፤ እዚያ ሁላችንም እንመርጣለን። ለአገረ ገዢ እንዲህ ያለው የፓርቲ ምርጫ የሚመጣው በሁለት ዓመት፣ ለፕሬዚዳንት ደግሞ በአራት ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሰማንያ ሦስት ዓመት ይሞላኛል። ሐኪሜ ይህን በተመለከተ ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ብርሃነሽን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ሽንኩርት አትክተፍ። ሲራክን ተማሪዎቹን ሳይጮኽ እንዲያስተምር ንገርልኝ፤ የሚጮኽ አስተማሪ ያልተዘጋጀ ነው። ትንሿን ሳሌምን ለላከችልኝ ፎቶግራፍ አመስግንልኝ፤ ረዝማለች፣ ትከሻዋን ግን ታቅና። ወሬውን ላደረሱላችሁ ጎረቤቶችም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ የታሰበ ሰው ነው የሚወራለት።

ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ያን መስመር በጥቁር ቀለም እሞላለሁ፤ እስኪደርቅም እጠብቃለሁ። ቀጥሎ እንግዳወርቅን በስልክ እቀሰቅሰዋለሁ፤ መኪናው የእሱ ነው፣ እንቅልፉም የእሱ ነው። ከዚያ በስልክ እሺ ያሉኝን ሰዎች ልናስመዘግብ ከሩሃማ ጋር ግሪንቤልት እንሄዳለን። ሊፍት የሌለው ሕንጻ ነውና ደረጃውን እያረፍሁ እወጣለሁ። በሩን የምታንኳኳው እሷ ናት፤ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ።

እኅትህ ታደለች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት ፳፩ ቀን